የመሸበት ዜማ

ቋንቋው የማይታወቅ፣ ዘፋኙ የማይታወቅ፣ የመጣበት አገር እንኳ በውል የማይለይ ዜማ በራዲዮ ሲሰማ፣ አድማጩ ለዚያ ዜማ ምን ዕዳ አለበት? ደስ ካለው ያዳምጣል፣ ካላለው ቁልፉን አዙሮ ያልፋል፤ ከዚህ ሌላ ምን ዕዳ ይኖራል የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ማዳመጥ ከመስማት የተለየ ድርጊት መሆኑን ለተቀበለ ሰው ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ስላለው ግንኙነት የሚነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄው ጐልቶ የሚታየው እንደ መካነ ሰላም ባለ ሥፍራ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ወደዚህች የቦረና ከተማ ያደርሳል። ከከተማዋ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጐጃም ነው። ጋዜጣ ለብዙ ዘመን ሰንብቶ ይደርስበት በነበረው በዚህ ብርዳም ደጋ፣ የዓለም ድምፅ ቀድሞ የገባው በትንሿ ባለ ድንጋይ ራዲዮ ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ተፈልስፎ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ በኪስ የሚያዝ ራዲዮ ለገበያ መቅረቡ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት መንደር ትልቅ ነገር ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ጥቂት ነፍስ እንዲዘራ ይደረግ እንደነበር በገጠር ያስተማረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ሰዓት ድምፅ ሲባል ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ማሞቅ፣ ማዳመጥ በዚያ ዘመን ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ያሳያል።

ሩቁ የሚቀርበው ደግሞ ሌሊት ነው። ፀሐይ በላይኛው አየር ላይ የምትፈጥረው የታችኛው የኤሌክትሪክ ንጣፍ ቀን ቀን መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንጣፍ ይሳሳል፤ ሞገዱም ወደ ላይ አልፎ ከከፍተኛው ንጣፍ ጋር ይገናኝና ወደ ምድር ተመልሶ፣ ቀን ሊደርስበት ከማይችለው አገር ይደርሳል። ስለዚህ ቀን የአገር ውስጥ ጣቢያ ብቻ ይሰማበት የነበረው ራዲዮ፣ እራት ከተበላ በኋላ በባዕድ ድምፅ ይሞላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦምዱርማን ራዲዮ ይመጣል። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው ብሥራተ ወንጌል፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ እስኪባል ድረስ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር። የጀርመን ድምፅም ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ይናገራል። አብዛኛው አድማጭ ቁልፉን የሚያዞረው ዜና ፍለጋ ነው፤ የባዕድ ጣቢያ ማዳመጥ በሚያስጠረጥርበት በደርግ ዘመን እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ የሚፈልገው ዜና ነበር። ዜማው በመንገድ ላይ የሚገኝ፣ ማንም ያልጠራው ነገር ነው።

በወሎ ደጋ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። መልሱ «ቤት ለእንግዳ» ነው። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፤ ማን እንደሆነና ከወዴት እንደመጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ደጁን ሲያንኳኳ ሃይማኖቱና ወገኑ አስቀድሞ የሚመረመር ከሆነ መስተንግዶ መሆኑ ይቀርና ፍተሻ ይሆናል። ሌሊት በራዲዮ የሚመጣው ዜማም የመሸበት እንግዳ ነው ቢባል አነጋገሩ የተጋነነ አይሆንም። ልዩነቱ ግን ይህኛው እንግዳ ስለ ራሱ ተጠይቆ የሚመልስ አይደለም።

የዚህ አገር ገበሬ ቋንቋውን የማያውቀውን ዜማ ማዳመጥ ከራዲዮ አልተማረም። ክርስቲያኑ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የግዕዙን ቃል ሳይረዳ ዜማውን በልቡ ያኖራል። ሙስሊሙ የቁርኣኑን ንባብ በዐረብኛ ያደምጣል፤ በመንዙማም አማርኛውና ዐረብኛው ሲፈራረቁ ሁለቱን እኩል ይቀበላል። ሁለቱም ትርጉሙ ሳይገባቸው ሊያለቅሱ ይችላሉ። ዳሩ ግን ያ ማዳመጥ ዋስ አለው። ቃሉን የሚያውቅ ደብተራ ወይም ሼኽ በአቅራቢያው ይገኛል፤ አድማጩ ባይረዳውም ቃሉ የእርሱ እንደሆነ፣ ለእርሱ እንደተባለ ያምናል። ከራዲዮ ለሚመጣው ዜማ ዋስ የሚሆን ሰው በመንደሩ የለም፤ ዜማውም ለዚያ መንደር የታሰበ አይደለም። ስለዚህ አድማጩ ያለ ዋስ ማመን ይጠበቅበታል፤ ይኸውም ድምፁ ሊገባው ባይችልም አንድ ሰው የሆነ ነገር ለማለት ብሎ ያወጣው መሆኑን ማመን ነው።

ይህ ለአማርኛ አድማጭ ከሌላው ይበልጥ ይከብደዋል። አዝማሪ ሲዘፍን የአማርኛ አድማጭ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አለ?» ነው፤ ዜማው ለግጥሙ መሸከሚያ ነው፤ ብልህ አድማጭ የሚባለው ሰሙን ገልጦ ወርቁን የሚያገኝ ነው። የባዕድ ዘፈን ይህን ብልህነት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ቅኔ በመፍታት የታወቀው ሰው ከሕፃን ልጅ ጋር እኩል ይሆናል። ብዙዎች ቁልፉን ቶሎ የሚያዞሩት ዜማው አስቀያሚ ስለሆነ ሳይሆን፣ ይህን ማነስ መታገሥ ስለሚያቅታቸው ነው።

የታገሠው ደግሞ በሌላ ወጥመድ ይወድቃል። ወሎ የቅኝት አገር ነው። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች የሁለቱ፣ የአምባሰልና የባቲ፣ ስም የተገኘው ከዚሁ አገር ቦታዎች ነው። ጆሮው በእነዚህና በትዝታ፣ በአንቺ ሆዬም የተቀረጸ ሰው የሱዳን ዘፈን በሰማ ጊዜ «ይኼማ የእኛ ነው!» ይላል። ምክንያት አለው፤ የሱዳንም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው። መሐመድ ወርዲን የመሰሉ ዘፋኞች ቃላቸው ሳይታወቅ በኢትዮጵያ የተወደዱት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የቻይና የጥንት ዜማም ከትዝታ ጋር ተመሳሳይ የአምስት ድምፅ መሰላል ስላለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያገሩን ሰው በሩቅ ያየ ያህል ይደነግጣል። ደስታው እውነተኛ ነው። ነገር ግን አድማጩ የወደደው እንግዳውን ነው ወይስ በእንግዳው ፊት ላይ ያየውን የራሱን መልክ? የሱዳኑ ዘፋኝ ስለ ዓባይ ወንዝ ይዝፈን፣ ስለ ሴት ይዝፈን፣ ስለ ነፃነት ይዝፈን ሳይታወቅ «ትዝታ ነው» ተብሎ ይዘጋል። እንግዳን ደጅ መመለስ አንድ በደል ነው፤ የቤቱን ልብስ አልብሶ ስሙን ለውጦ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ሁለተኛው ፍቅር ስለሚመስል ለመለየት ያስቸግራል። ለመሸበት ዜማ የሚገባው ዕዳ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ አስገብቶ፣ እንግዳነቱን ሳይነጥቁ ማሳደር።

«መቃኘት» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ሁለትነት ይዟል። ክራር ይቃኛል፤ ጠላት ያለበት አገርም ይቃኛል። ቅኝትና ቅኝ ግዛት በቋንቋው ጐረቤታሞች ናቸው። በአሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ይባል ነበር። ስሙ ከራስ መኰንን የፈረስ ስም የመጣ ሲሆን፣ ወደ ኮርያ የዘመተውም ሻለቃ በዚሁ ስም ተጠርቷል። አሜሪካኖች በ1935 ዓ.ም. ገብተው በ1969 ዓ.ም. እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው የሌሎችን ሞገድ መጥለፍ ነበር፤ በጐን ለወታደሮቻቸው መዝናኛ የከፈቱት ራዲዮ ግን ሳያስቡት በሌላ ሕዝብ ተጠለፈ። ጃዝ፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝና ሶል በዚህ መንገድ ወደ አሥመራና ወደ አዲስ አበባ ወጣት ጆሮ ገቡ። በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የጀመረው ዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካኖቹን አዘፋፈን አቀንቅኖ እስከ መጨረሻው በአማርኛ የሚናገር ዘፋኝ ሆነ።

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ይህ ሁሉ የባዕድ ባህል ወረራ ነው ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ጠመንጃና ገንዘብ ያለው አገር ዜማ ከሌለው አገር ዜማ ይልቅ ሩቅ ይሰማል፤ ማሰራጫ ጣቢያው የተተከለውም በፍቅር አልነበረም። ወቃሾቹ የዘነጉት ግን የአድማጩን ሥራ ነው። ወጣቶቹ ለእነርሱ ያልተላከውን ነገር ሰምተው ያላሰበው ሰው ያላሰበውን ነገር ሠሩበት። ግልባጭ የሆነውም ብዙ ነው፤ በትዝታና በአንቺ ሆዬ ተፈትኖ አዲስ ነገር የሆነውም አለ፤ ዘመን ያቆየው ሁለተኛውን ነው።

የወሎ ሕዝብ ይህን ጉዳይ ከሌላው ወገንም ቀምሶታል። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያቀረበው የረኀብ ዘገባ ዓለምን አናወጠ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ለርዳታ አንድ ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን በዚያው ዓመት በለንደንና በፊላዴልፊያ ታላቁ የላይቭ ኤይድ ዝግጅት ተደረገ። ገንዘቡ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የዘፈኑ ርእስ የተራቡት ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ይህ የተጠየቀው ላሊበላ ስለምትገኝበት ክፍለ ሀገር ነው፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ቅጥር ቤዛ ኵሉ በሚዘመርበት አገር ስለሚኖር ሕዝብ ነው። ከዚያው ሕዝብ እጅግ ብዙው ሙስሊም መሆኑም ለጠያቂዎቹ አልታሰባቸውም። ዓለም በዚያ ዓመት ስለ ወሎ በሞገድ ሁሉ ዘፈነ፤ ወሎ ሲዘፍን ግን ለመስማት ቁልፉን ያዞረ ጥቂት ነው። ማዘን ከማዳመጥ የተለየ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በተቃራኒው፣ ማንም ሳያዝንለት የተደመጠ ኢትዮጵያዊ ድምፅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ የተባለ የቤልጅግ አሳታሚ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኤትዮፒክ» በተሰኙት ተከታታይ እትሞች የአዲስ አበባን የድሮ ሸክላዎች ለዓለም አደረሰ፤ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ወደ ሲኒማ ቤት ወሰደው። አማርኛ የማያውቅ የፓሪስ ወይም የቶኪዮ ሰው ማሕሙድን ሲሰማ፣ በመካነ ሰላም ወርዲን እንደሰማው መምህር ነው። አብዛኛው «ምሥጢራዊ» ብሎ ያልፋል፤ ይህ ቃል «የእኛ ነው» ከሚለው የተለየ ቢመስልም ሥራው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥያቄን ይዘጋሉ። ከእነርሱ መካከል ግን ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ የሙዚቃ መሣሪያውን ማን እንደተጫወተ ለመጠየቅ የተነሡ አሉ። እግር ካጠቡ በኋላ ስም መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

ዛሬ በመካነ ሰላምም እንደ ሌላው ሁሉ ዜማ የሚገኘው በእጅ ስልክ ነው። መሣሪያው አድማጩ ትናንት የወደደውን መዝግቦ፣ ዛሬ ያንኑ የሚመስል ያቀርብለታል። ምርጫው ከቀድሞው ሺህ ጊዜ በልጧል፤ ያልተጠራ እንግዳ ደጅ የሚቆምበት ሌሊት ግን እየጠበበ ሄዷል። አጭር ሞገድ ግትር ነበር፤ የአድማጩን ፍላጎት አያውቅም፣ ሊያውቅም አይፈልግም። በዚህ ግትርነቱ ውስጥ የነበረው ነፃነት ከጠፋ በኋላ ነው የሚታየው።

ያ ሞገድ ሌላም ጠባይ ነበረው። የዘፋኙ ስም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሞገዱ ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ይደክማል፣ ይንሾካሾካል፣ በሌላ ጣቢያ ይዋጣል። አድማጩ ስም የሌለው ዜማ ይዞ ይቀራል። ከብት ጠባቂ ልጅ ከሆነ በማግስቱ ከተዳፋቱ ላይ ተቀምጦ በዋሽንቱ ይሞክረዋል። ዋሽንቱ ባለ አራት ቀዳዳ ነው። ሦስቱን አራቱን ድምፅ ያገኘውና አንዱ ላይ ይሰናከላል፤ ጣቱን ግማሽ ከፍቶ፣ ትንፋሹን አቅጥኖ ይሞክራል፤ ለዚያ ድምፅ የተበሳ ቀዳዳ የለም።