ትዝታና ተተኪ

ትዝታ ለኪነ ጥበብ ስንቅ ነው ወይስ ዕዳ? ጥያቄው በቲያትር፣ በሙዚቃና በሥነ ጽሑፍ መስክ ሲነሣ የኖረ ነው። መልሱ ጎልቶ ከሚታይባቸው መድረኮች አንዱ ግን ብዙዎች ከኪነ ጥበብ ወገን የማይቆጥሩት የአሜሪካ የትርዒት ትግል ነው። በዚህ ትርዒት አሸናፊውና ተሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰን ስለሆነ፣ ድል የጉልበት ሳይሆን የድርሰት ውጤት ነው። በስፖርት ዓለም ያረጀውን ሻምፒዮን ጊዜ ራሱ ከዙፋኑ ያወርደዋል፤ እዚህ ግን ጊዜ ሥልጣን የለውም። የሚሾመውም የሚሽረውም ድርሰቱን የሚመራው ክፍል ነው። እንግዲህ ድል በእጅ የሚሰጥ ነገር ከሆነ፣ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የጥበብ ብቻ ሳይሆን የሞራልም ጥያቄ መሆኑ አይቀርም።

ሙያው ለዚህ ጥያቄ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መልስ አለው፤ ከመድረክ የሚሰናበት ተፋላሚ ለሚተካው ተሸንፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 በሚቺጋን ግዛት፣ በፖንቲያክ ስታዲየም፣ በሕመም የተዳከመው ግዙፉ ፈረንሳዊ አንድሬ ሃልክ ሆጋን አንሥቶ እንዲጥለው ራሱን አሳልፎ ሰጠ። በማርች 1998 ቦስተን ላይ ሾን ማይክልስ ጀርባው ክፉኛ ተጎድቶ ሳለ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ለስቲቭ ኦስቲን አስረክቦ፣ ከኩባንያው የፍልሚያ መድረክ ከአራት ዓመት በላይ ራቀ። ይህ ርክክብ በተፈጸመ በሚቀጥለው ወር ኩባንያው በቴሌቪዥን ተመልካች ብዛት ለ83 ሳምንታት ያለማቋረጥ ሲበልጠው የነበረውን ተቀናቃኙን ቀደመ።

ያ ተቀናቃኝ ደብልዩ ሲ ደብልዩ ይባል ነበር። ባለሀብቱ ቴድ ተርነር በ1988 የገዛው ይህ ድርጅት በ1994 ሆጋንን አስመጥቶ የትናንቱን ዝና ለራሱ አደረገ። ትዝታን በመጠቀሙ ብቻ የሚወቀስ አይደለም። በ1996 የሕፃናት ጀግና የነበረውን ሆጋንን ከሐዲ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ከአሮጌው ዝና አዲስ ታሪክ ወለደ። ተመልካቹም በብዛት ተከተለው። ችግሩ የመጣው ርክክቡ በተሰረዘ ጊዜ ነው። በጁላይ 1998 አትላንታ ላይ ጎልድበርግ የተባለ አዲስ ተፋላሚ ሆጋንን ጣለ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም በደስታ ጮኸ። በዓመቱ መጨረሻ ኬቪን ናሽ ጎልድበርግን አሸነፈው። በጃንዋሪ 4 ቀን 1999፣ እዚያው አትላንታ፣ ሆጋን የናሽን ደረት በአንድ ጣት ሲነካው ናሽ ተዘርሮ ወደቀ፤ ቀበቶውም ወደ አሮጌው ባለቤት ተመለሰ። በማርች 2001 ድርጅቱ ለተቀናቃኙ ተሸጠ። ለውድቀቱ የባለቤት ኩባንያዎች መዋሐድና የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ፕሮግራሙን መተዋቸው የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ አመራሩ ለዘር የተቀመጠውን እህል ቀድሞውኑ ፈጭቶ በልቶት ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሕዝቡ የትናንቱን ጀግና ከፈለገ፣ አመራሩ ፍላጎቱን ማሟላቱ ምን ጥፋት አለው? ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2002 ቶሮንቶ ላይ የ48 ዓመቱ ሆጋን የ29 ዓመቱን ዘ ሮክን ሲገጥም፣ አዳራሹ ያለ ልክ የዘመረው ለአሮጌው ነበር። የተሸነፈው ግን ሆጋን ነው። ሕዝቡ ናፍቆቱን ተወጣ፤ ተተኪውም ውርሱን ተቀበለ። ስለዚህ ቅራኔው በትዝታና በአዲስ ፈጠራ መካከል ሳይሆን፣ በሚያወርስ ትዝታና በሚነጥቅ ትዝታ መካከል ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ በፌብሩዋሪ 2020 ሪያድ ላይ ታየ። የ53 ዓመቱ ጎልድበርግ፣ አስፈሪና እንግዳ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ሻምፒዮን ለመሆን የበቃውን የ32 ዓመቱን ብሬይ ዋያትን በጥቂት ደቂቃዎች አሸነፈው። ከሃያ ዓመት በፊት ድሉን የተነጠቀው ሰው አሁን የመንጠቂያ መሣሪያ ሆነ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚያሳልፍ አመራር ወጣቱ ነገ ይደርሰዋል ብሎ ያስባል። ዋያት ግን በኦገስት 2023 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። የወጣት ዘመንም እንደ ሽማግሌው ሁሉ የሚያልፍ ነው፤ የተነጠቀ ጊዜ የሚመለስበት መዝገብ የለም።

አመራር ወደ ትዝታ የሚሸሸው ትዝታ ድፍረት ስለማይጠይቀው ነው። የታወቀ ስም ማብራሪያ አያሻውም፤ ገበያውም በአንድ ምሽት ይታያል። ያልታወቀውን ማሳደግ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ሊከሽፍም ይችላል። ይሁንና ዛሬ የሚናፈቀው ሁሉ አንድ ጊዜ ያልታወቀ ነበር፤ አንድ ሰው አምኖት መድረክ ሰጥቶታል። ትዝታ የትናንት ድፍረት ፍሬ ነው። ድፍረቱን ትቶ ፍሬውን ብቻ የሚለቅም ትውልድ ለሚቀጥለው የሚያስታውሰው ነገር አይተውለትም።

በዲሴምበር 2025 ዋሽንግተን ላይ ጆን ሲና የመጨረሻ ፍልሚያውን አደረገ፤ ለኦስትሪያዊው ጉንተር እጅ ሰጥቶ ተሸነፈ። አዳራሹ በቁጣ ጮኸ፤ ድርሰቱን በሚመራው በፖል ሌቬክ ላይም ተቃውሞውን አሰማ። ጉንተር የተቀበለውን ውርስ ወዴት ያደርሰዋል የሚለው በሥራ የሚታይ ነው። ሲና ግን የሙያውን ዕዳ ከፍሎ ሄዷል። ሕዝብን ማክበር ማለት ሁልጊዜ የጠየቀውን መስጠት ማለት አይደለም፤ ነገ የሚወድደውን ሰው ዛሬ ማዘጋጀትንም ይጨምራል።

ይህ ዕዳ የተፋላሚዎች ብቻ አይደለም። መምህር ወንበሩን፣ ተዋናይ መድረኩን፣ መሪ ኃላፊነቱን የተቀበለው ከሌላ እጅ ነው። የተቀበሉትን ክብር ሳያስረክቡ ይዞ ማርጀት ይቻላል፤ ተገቢ ነው ግን አያሰኝም።