«እኔ ነኝ» ማለት

በሮቤና በጎባ ሁለተኛ ደረጃ ከሚማሩት ብዙዎቹ ከሲናናና ከአጋርፋ ገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከቤት በሚላክ ዱቄትና በሶ የሚኖሩ ናቸው። ወላጅ ሩቅ ነው፣ የሳነቴ ብርድ ይከብዳል፣ ፍቅርም ይመጣል። ይሄ አያስነውርም። የሚያስነውረው ልጅቷ ያረገዘች ዕለት ከወንዱ አፍ የሚወጣው ቃል ነው።

ሦስት መልሶች እንሰማለን። «ለምን አልተጠነቀቀችም?» «የኔ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድነው?» «ተማሪ ነኝ፤ በምን አቅሜ?»

የመጀመሪያው የሁለት ሰው ሥራ ለአንዷ ያሸክማል። ስለ መከላከያ አንድ ቀን ያልጠየቀ ወንድ ለምን አልተከላከልሽም የማለት መብት ከየት አመጣ?

ሁለተኛው ዕድሜ ጠገብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከጋብቻ ወይም አብሮ ከመኖር ውጭ ለተጸነሰ ልጅ፣ ወንዱ ካልተቀበለ በቀር ፍርድ ቤት አባትነትን የሚወስነው በጠለፋና በመድፈር ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በሩን ሰፋ አደረገው። የእኛስ ኅሊና? ማስረጃ የሚያስፈልገው በቦታው ላልነበረ ዳኛ ነው፤ ወንዱ ግን እዚያው ነበር።

ሦስተኛው ይከብዳል፣ እውነት አለበትና። የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ማሳደጊያ ከየት ያመጣል? ሽማግሌ ተቀምጦ «ይጋቡ» ይላል። ነገር ግን በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ጋብቻውም ሁለቱንም ከትምህርት ያስወጣል። የሚድነው የቤተሰቡ ስም ነው እንጂ ልጅቷ አይደለችም።

ታዲያ ከሌለው ሰው ምን ይጠበቃል? መክፈል ያቃተው ባለዕዳ ጊዜ ስጡኝ ይላል እንጂ ዕዳ የለብኝም አይልም። ገንዘብ የሌለው ልጅም «እኔ ነኝ» ማለት ይችላል። ይህ ሳንቲም አያስወጣም፤ እሷን ግን በአባቷ ፊት ብቻዋን ከመቆም ያድናታል። ጤና ጣቢያ አብሯት መሄድ፣ ያመለጣትን ትምህርት በደብተሩ ማድረስ፣ ነገ ሥራ ሲይዝ የልጁን ድርሻ መክፈል ከዚያ ይቀጥላል።

በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 13 በመቶው፣ በኦሮሚያ 17 በመቶው፣ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል። ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ሴቶቹን ብቻ ነው። አባቶቹ የት ናቸው? አንዳንዱ ዛሬ ከኛው ጋር ሌክቸር ይከታተል ይሆናል።

እንግዲህ በየዶርሙ «አመለጠ» ተብሎ የሚሳቅለት ወንድ ሲኖር አብረን አንሳቅ። ያመለጠ የለም፤ ብቻዋን የቀረች አለች እንጂ።