የተዋስነውና የወሰድነው

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስድስት ኪሎ አገኘኝና ካልጋበዝኩዎት ብሎ ካፌ አስገባኝ። ገና ቡናው ሳይመጣ ስልኩን አውጥቶ «መምህር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለ። አየሁ። የራሴ መጽሐፍ ነው! ከዓመታት በፊት አሳትሜው አሁን ከገበያ የጠፋው። ከሽፋኑ ጀምሮ ገጽ በገጽ በስልክ ካሜራ ተነስቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ተለቋል። አንዳንዱ ገጽ ላይ የያዘው ሰው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል።

«ሰው እንዲያነብዎት ብዬ እኮ ነው» አለኝ፤ ፊቱ በኩራት በርቷል።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። በማስተምርበት ዘመን ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረውን መጽሐፍ ለስልሳ ተማሪ በፎቶ ኮፒ ያባዛሁት እኔው ነኝ። አንድም ቀን ሰረቅሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እንዲያውም ጽድቅ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ይሄ ልጅ ከማን ተማረ?

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ መጽሐፍ ማዋስ ደግ ሥራ ከሆነ፣ ማባዛት ለምን ክፉ ይሆናል?

መዋዋስ የቆየ ልማዳችን ነው። በ1975 ዓ.ም የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብ፣ የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ተነበዋል። መጽሐፉን በሕይወት ያቆየው አንባቢ ነው።

ግን ልብ በሉ። መጽሐፌን ሳውስ ከመደርደሪያዬ ይጎድላል። ላይመለስም ይችላል። ደግነቴ ከራሴ ላይ የተቆረጠ ነው። ፒዲኤፍ የሚልክ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም። የሚጎድለው እዚያ የሌለው ሰው ነው፤ ደራሲው፣ አሳታሚው፣ ፀሐይ ላይ የሚውለው መጽሐፍ አዟሪ። በሌላ ሰው ኪስ መለገስ ማንን ያቅተዋል? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ?

ሕጉማ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህንኑ ነገርኩት።

«እሺ መምህር፣ ልግዛ ብል የት አገኘዋለሁ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ወረቀት በዶላር ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ማተሚያ ቤት ሄጄ ዋጋ ጠይቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንስ አማርኛ ላንብብ ብትል ከስልኳ ሌላ ምን አላት?

ደግሞ ከፍሎ የሚያነበውም ቢሆን ነገሩ አልጠራለትም። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን፣ ያቀረበው ድርጅት መብት የለውም ብሎ፣ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት ሰርዞታል። ገንዘባቸውን መለሰ፤ ኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ግን ገዛሁ ያለው ሰው ለካ ተውሶ ኖሯል!

ስለዚህ ጉዳዩ የወረቀትና የስልክ ጠብ አይመስለኝም። መዋስን ከመውሰድ የሚለየው ማስፈቀድ ነው። የሚዋስ ሰው ባለቤቱን ያውቀዋል፤ ፊቱን ያያል። የሚወስድ ሰው ባለቤት መኖሩንም ይረሳል።

«ለምን አልጠየቅኸኝም? እሰጥህ ነበር» አልኩት።

«እርስዎስ ያኔ ደራሲዎቹን ጠይቀው ነበር?»

ዝም አልኩ። የቡናውን ሂሳብ በቴሌብር ከፈለ፤ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። ለቡና የሚበቃ ስልክ ለመጽሐፍም ይበቃ ነበር፤ የጎደለን ልማዱ ነው። መጽሐፌን ከቴሌግራም አውርደው አላልኩትም። ከሥሩ ስሜንና ቁጥሬን ጻፍበት፣ የቻለ ይክፈል፣ ያልቻለ ያንብብ አልኩት።

እኔ ካባዛኋቸው ደራሲዎች አንዱ ዛሬም በሕይወት አሉ። አድራሻቸውን እያፈላለግሁ ነው።