«አልገባኝም» ማለት ለማትደፍረው ልጄ

ልጄ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ማግኘትሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። እናትሽ ቡና ላይ «እንግሊዝኛው አስጨንቋታል፣ እስቲ አንድ ነገር በላት» ብላኛለች። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና እንደ ልማዴ በተረት እያዋዛሁ እመክርሻለሁ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ሰዋስው ይጀምርብኛል ብለሽ ግን አትሽሺ። ሰዋስው አልጎደለሽም። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ያደረገው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው፤ ከዘጠነኛ ወዲያማ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የተማርሽው በሱው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረ ልጅ የውጭ አገር ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰረው ቃል አጥቶ አይመስለኝም። አላወቅሁም ማለትን ማንም ስላላስተማረው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህቺን ያዢ፤ «ሶሪ፣ አይ ዲድንት አንደርስታንድ። ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» ይቅርታ፣ አልገባኝም፣ እንደገና ይንገሩኝ ማለት ነው። ከፈጠነብሽ «ኩድ ዩ ስፒክ ስሎውሊ?» በዪው። ሲደግምልሽ ደግሞ የሰማሽውን በራስሽ አፍ መልሰሽ አረጋግጪ፤ «ሶ፣ ዩ ዋንት ሚ ቱ ስታርት ዊዝ ዚስ ዋን?» እንግዲህ በዚህኛው ልጀምር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አለቃሽም ኮሪያዊ ቢሆን ቻይናዊ፣ ጣሊያናዊም ቢሆን፣ እንግሊዝኛው እንዳንቺው የተማረው እንጂ ከእናቱ ጡት የጠባው አይደለም። እሱም አንዳንዴ ይጨንቀዋል። አብሽሪ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን ተረት ግን ፋብሪካ ይዘሽው አትግቢ። አባቶቻችን ይህን ያሉት ለሽምግልና፣ ለጎረቤትና ለትዳር ነው። ሳይገባሽ «ኦኬ፣ ኦኬ» ያልሽ እንደሆነ ሰውየው የገባሽ መስሎት ይሄዳል፤ ጥፋቱ የሚቆጠረው ባንቺ ነው።

እዚሁ ደሴ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ የሆነች አንዲት ልብስ ሰፊ የገጠማትን ስሚ። ተቆጣጣሪዋ መጣና «ዲድንት ዩ ፊኒሽ?» አላት። አልጨረስሽም ወይ ማለቱ ነው። «የስ» አለችው። በእኛ ወግ ልክ ነች፤ «አልጨረስሽም?» ለሚል ሰው «አዎ፣ አልጨረስኩም» ነው መልሱ። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ማለት ጨርሻለሁ ነው። ሰውየው ካርቶኑ እንዲታሸግ አዘዘ፤ ግማሹ ሸሚዝ ቁልፍ አልተተከለለትም ነበር። በኋላ ካርቶኑ ሁሉ ተቀዶ እንደገና ሲለቀም ዋለ፤ እሷም ውሸታም ተባለች። ጥያቄው እንዴትም ተጠማዞ ይምጣ፣ አንቺ ሥራውን ብቻ ተመልከቺ። ካላለቀ «ኖ፣ ኖት የት» በዪ፤ ካለቀ «የስ፣ አይ ፊኒሽድ»። ደግሞ ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሽ አዎ የምትዪውን ነገር ለእኛ አስቀሪልን። ያልለመደው ሰው የደነገጥሽ ወይም ያመመሽ ነው የሚመስለው።

ሰዓቱም ያው ነው። አለቃሽ «ቱሞሮው፣ ሴቨን ኦክሎክ» ብሎሽ በእኛ ሰባት ሰዓት ብትሄጂ ግማሽ ቀን ሥራ አመለጠሽ። የእነሱ የጠዋት ሰባት የእኛ አንድ ሰዓት ነው፤ ስድስት ቀንሺ። ቅነሳው ካምታታሽ «ሴቨን ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ራይት?» ብለሽ ጠይቂ። ቀን ሲነግሩሽም «ኢን ዘ ኢትዮጵያን ካሌንደር?» ማለት አያሳፍርም፤ የደመወዝ ቀን ላይ በተለይ ይጠቅማል።

ስለ አክብሮት ልንገርሽ። እንግሊዝኛ አንተም አንቺም እርስዎም አንቱም አያውቅም፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ነው። ይህን የሰሙ ልጆች ቋንቋው ክብር የለውም ብለው ያስባሉ። አለው፣ ቦታው ሌላ ነው እንጂ። እኛ «ቁልፉን ይስጡኝ» ስንል ክብሩ ግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው ትእዛዙን ጥያቄ አድርጎ ያከብራል። «ጊቭ ሚ ዘ ኪይ» ብትዪ ከአንቺ አፍ «አምጣ ቁልፉን» ሆኖ ነው የሚሰማው። «ኩድ አይ ሀቭ ዘ ኪይ፣ ፕሊዝ?» በዪ። ሰው ስትጠሪም «ኤክስኪውዝ ሚ» ይቅደም። ፒያሳ ላይ ልጆቻችን ፈረንጅ ባዩ ቁጥር «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚከተሉትን አይተሻል፤ ሰውየው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ባልንጀራሽ መንገድ ላይ «አንቺ! አንቺ!» እያለች ብትጮህብሽ አስቢው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

ሰላምታው ቀላል ነው። ወሎዬ ሰላምታ ከጀመረ ከብቱም አዝመራውም ሳይጠየቅ አይቀርም፤ እነሱ «ሀው አር ዩ?» ብለው እርምጃ አያቆሙም። «ፋይን፣ ታንክስ። ኤንድ ዩ?» በቂ ነው። ፈገግታ ግን አትቆጥቢ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ።

አሁን ደግሞ ስለ እፍረት። የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ከአሜሪካ መጥተው ኢትዮጵያ ውስጥ ማስተማር የጀመሩት በ1955 ነው፤ እኛም ዘንድ ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ደርሰው አስተምረውናል። ትምህርት ቤቱ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ነው። እነዚያ ወጣቶች አማርኛቸው የተሰባበረ ነበር። ቅርጫት አንጠልጥለው ሰኞ ገበያ ይወርዱና ሽንኩርት ሻጯን «ስንት ነው? ውድ ነው! ቀንስ!» ይሏታል። ሴትን «ቀንስ» ሲሉ ገበያው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እነሱም አብረው ይስቃሉ፤ ሻጯ «ቀንሽ በል» ብላ ታርማቸዋለች፤ በሚቀጥለው ሰኞ «ቀንሽ» ብለው ይመጣሉ። ዓመት ሳይሞላ ተከራካሪ ገበያተኛ ሆኑ። እኛ እንግሊዝኛን ግሥ እያረባን ደብተር ሞላን፤ ፊታቸው ስንቆም ግን ድምፃችን አይወጣም ነበር፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይስቅበታላ! ሳቁ ያው ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ሳቁን ተሻግረው ሽንኩርቱን ይዘው መሄዳቸው ነው። የደሴና የኮምቦልቻ መካኒኮችስ ቢሆኑ ካቻቢቴውንና ፍሬኑን ከጣሊያን የተማሩት በደብተር መሰለሽ? ብሎን እየፈቱ ነው።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ሺህ ቃል አትሸምድጂ። ለሳምንቱ የሚያስፈልግሽን ሦስት አራት አባባል ምረጪና ከጓደኞችሽ ጋር ቡና ሲፈላ ጮክ ብላችሁ ተባባሉት፤ አንዷ አለቃ፣ አንዷ ሠራተኛ ትሁን። አቦሉ ላይ ብትሳቂም በረካው ላይ ምላስሽ ይፈታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን ደሴ ብርዱን ትታችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት እስክትገቡ የምትለማመዱበት ጊዜ አላችሁ። ጆሮ ላይ ከሚሰካው ሙዚቃ ይሻላል፤ ይህ እንኳ የሽማግሌ ንጭንጭ ነው፣ እለፊው።

ሰው ሲያዝንም ዝም አትበዪ። ከውጭ የመጣው አለቃሽ ቤተሰብ ሞቶበት ብትሰሚ ለቅሶ መድረስ ባትችዪ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» በዪው፤ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ አላህ ያጽናህ እንደምንለው ነው። ሰው ሲደናቀፍ ደግሞ የእኛን አይዞህ የሚተካው «አር ዩ ኦኬ?» ነው።

እንቢ ማለትም ይኖርብሻል። እኛ «እናያለን» እያልን፣ «ኢንሻአላህ» እያልን እንቢታችንን እናለሰልሳለን፤ የሰፈር ሰው ይገባዋል። እነሱ ግን ቃል እንደገባሽ ይቆጥሩታል፤ ነገ ይጠይቁሻል። የማትችዪ ከሆነ «አይ አም ሶሪ፣ አይ ካንት ቱዴይ» ብለሽ ጨርሺው። ምክንያት ለመደርደር አትቸኩዪ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የመጨረሻው ወረቀት ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። የሥራ ውል ሲዘረጉልሽ «ካን አይ ሪድ ኢት ፈርስት?» በዪ፣ አንብቤው ልፈርም ነው። ከዚያም «ካን አይ ሀቭ ኤ ኮፒ?»፣ አንድ ቅጂ ይሰጠኝ። «ፕሮቤሽን» የሚለውን ቃል ካየሽ የሙከራ ጊዜ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «ኦቨርታይም» ካለሽ «ሀው ማች ፐር አወር?» ብለሽ ጠይቂ። አዋጁ ለቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይላል፤ ለሌሊቱ 1.75 ነው፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። ከዚህ ያነሰ ከተጻፈ ወይም ቃሉ ካልገባሽ ሳትፈርሚ «አይ ዊል ብሪንግ ኢት ቱሞሮው» ብለሽ ይዘሽው ውጪ። ከሥራ መልስ ቤት ጎራ በዪ፤ የእንግሊዝኛው ገጽ ከአማርኛው ጋር መግጠሙን መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር አይልሻለሁ።