እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ሰው ለእንጀራው ሲል እውነትን መደበቅ ይችላል ወይ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ የምሠራበት ቤት ልጅ ነው። እኔ ልብስ ስተኩስ እሱ ሰዎች ጌም እየተጫወቱ የሚቀልዱበትን ቪዲዮ እያየ ይንከተከታል። አንድ ቀን “ምን ያስቅሃል?” ብለው የሰዎቹን ታሪክ አጫወተኝ።

ጄፍ ገርስትማን የሚባል አሜሪካዊ ጌምስፖት በሚባል ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው አዲስ የወጣ ጌም ተጫውቶ፣ ገንዘብ ይገባዋል አይገባውም ብሎ መጻፍና ነጥብ መስጠት ነው። በፈረንጆች 2007 ኬን ኤንድ ሊንች ለሚባል ጌም ከ10 6 ሰጠ። የጌሙ ባለቤቶች ደግሞ ለዚያው ድርጅት የማስታወቂያ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ወዲያው ተባረረ። በውል ስለታሰረ ምክንያቱን በግልጽ የተናገረው በ2012 ነው፤ አለቆቹ የማስታወቂያው ገንዘብ እንዳይቀርባቸው ፈርተው ነው አለ። እሱ ከተባረረ በኋላ ጓደኞቹ ሥራቸውን እየለቀቁ ወጡ፤ በ2008 አብረው ጃያንት ቦምብን ከፈቱ። እዚያ ጌሙን በሰው ፊት ይጫወታሉ፣ ሲበላሽ ይስቃሉ፣ በየሳምንቱም በፖድካስት ያወራሉ። በ2025 ደግሞ እዚያው ከሚሠሩት ሁለቱ ገዙት።

እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። አባቶቻችን “እውነት ተናገር፣ ከመሸበት እደር” ይላሉ። ጄፍ ሲመሽበት የሚያድርበት ነበረው። እኛስ? በከፋላ ወረቀታችን ከአሠሪያችን ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤት ከወጣሽ ሕገወጥ ነሽ። ማዳም “ደስተኛ ነሽ?” ስትለኝ “አዎ ማዳም” እላለሁ። ይህን እንደ ትልቅ ውሸት አልቆጥረውም። “አይ” ማለት ካልተፈቀደልኝ “አዎ” ማለቴ ምን ዋጋ አለው?

እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። እኛም እኮ የጄፍን ሥራ እንሠራለን። አገር ቤት ያለች ልጅ “ቤሩት እንዴት ነው?” ስትል ነጥብ የምንሰጠው እኛ ነን። የአክስቴ ልጅ ደውላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ቡርጅ ሐሙድ በጓደኛዬ ጫማና ቦርሳ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬላት ነበር። “ጥሩ ነው፣ ይመቻል” አልኳት። በፊት የነበርኩበት ቤት በረንዳ ላይ እተኛ እንደነበር፣ የሦስት ወር ደሞዜ እንደቀረ አልነገርኳትም። ይህን እንድል ማን ከፈለኝ? ማንም። ማዳምም አጠገቤ አልነበረችም። ያስዋሸኝ ኩራቴ ነው።

አሁን እሷም እዚሁ አገር ናት። እሑድ አይሰጧትም። ድምጿን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው “ለምን አልነገርሽኝም?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እህቶቼ፣ እንጀራችንን ለያዘ ሰው የምንናገረውን ብንመዝን ማንም አይፈርድብንም። በቃላችን ተማምና አገሯን ለምትለቅ ልጅ ግን እውነቱን ዕዳ አለብን። ስንት እንደሚከፈለን፣ የት እንደምንተኛ፣ እሑድ እንወጣ እንደሆነ እንንገራት። ከሰማች በኋላ ብትመጣ እንኳ አውቃ ትመጣለች።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እሑድ ስንገናኝ እንወያይበት።

እህታችሁ