የልጁ ውጤት የማን ነው?



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን አንድ አባት ልጁን አስከትሎ ወደ ቁምስናው ቢሮ መጣ። ልጁ ከገጠር በፈተና ተመርጦ በመንግሥት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረና ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ ነው። አባትየው ሕክምና እንዲያጠና ይሻል፤ ልጁ ግን የፊዚክስ መምህር ሆኖ ወደ ወረዳው መመለስ ይፈልጋል። «አባ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ለእሱ ስል በሬ ሸጫለሁ፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ጸጋ በጠመኔ አቧራ ሊጨርሰው ነው» አለኝ። በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ አጭርና ጐዶሎ ነበር። ካቴኪስቶቻችንም በየመንደሩ የሚጠየቁት ይህንኑ ስለሆነ ጥያቄውን እንደገና ላነሣው ወደድሁ።

አስቀድመን የነገሩን መጠን እንመልከት። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ለ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ ለ2015 3.2፣ ለ2016 5.4፣ ለ2017 ደግሞ 8.4 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በአንጻሩ ያስፈተኑትን ሁሉ ወይም አብዛኛውን ያሳለፉ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጐልተው ታይተዋል።

ሰው ይህን ሲሰማ ትምህርት ቤቱን እንደ ተአምር ሠሪ ይቈጥረዋል። በቦስተንና በኒው ዮርክ የሚገኙትን በፈተና ብቻ የሚቀበሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመረመሩ ሦስት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አሳዩ። የመግቢያውን ነጥብ በጥቂቱ አልፈው የገቡትን፣ በጥቂቱ ጐድሎባቸው ከቀሩት ጋር ቢያስተያዩ በኋለኛው የፈተና ውጤታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በኬንያ ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚሁ ያደላል። እንዲህ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ብሩህ ልጆችን ሰበሰበ እንጂ ብሩህ አላደረጋቸውም ማለት ነው።

እኔ ይህን መደምደሚያ ወደ አገራችን እንዳለ ለማምጣት አልደፍርም። በቦስተን ነጥብ የጐደለበት ልጅ የሚሄደው መምህርና መጽሐፍ ወዳለው ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ የእኛው ግን አንድም ሰው ወደማያሳልፈው ይመለሳል። አዳሪው ትምህርት ቤት ለገጠር ልጅ የሚሰጠው ከሁሉ በፊት አልጋ፣ እራትና የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ማታ ውኃ ለመቅዳት የማይወርድ ልጅ ያነባል። በአሜሪካ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ የተደረገው የዴልና የክሩገር ጥናትም ዝነኛ ኮሌጅ ለአብዛኛው ተማሪ የኋላ ገቢውን እምብዛም እንደማይለውጥ ካሳየ በኋላ ከድኻ ቤት የመጡትን ለይቶ አውጥቷቸዋል፤ ለእነርሱ በሩ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ነጥቡ የማን ነው? ልጁ ተግቷል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የተኛበት አልጋ በሕዝብ ግብር የተገዛ ነው። አባት በሬውን ሰጥቷል። እናትና እኅቶች ጉልበታቸውን ሰጥተዋል። በመግቢያው ፈተና በአንድ ነጥብ ያነሰው የጐረቤት ልጅም ሳይወድ ስፍራውን ለቆለታል። ከተገኘው ይልቅ የተቀበለው ይበዛል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን የመክሊት ምሳሌ ወላጆች ብዙ ጊዜ እንደ አለንጋ ይጠቀሙበታል፤ ብዙ መክሊት የተሰጠው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ መክሊቱን የቀበረ ይመስላቸዋል። ሆኖም ጌታው ከጉዞ ሲመለስ በምን ነገድህ ብሎ አልጠየቀም። የተገሠጸው ፈርቶ የቀበረው ነው። ደመወዝ ያንሳል ብሎ በመፍራት የማይወደውን ሙያ የሚይዝ ልጅ ከሁለቱ ለየትኛው አገልጋይ እንደሚቀርብ አንባቢ ይፍረድ። የጤና ባለሙያዎቻችን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ላስታወሰ ደግሞ፣ ያ ሙያ ራሱ የተሻለ እንጀራ ለመሆኑ ዋስትና የለውም።

አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝስ? ቅዱስ ቶማስ አኵዊናዊ ልጆች በጋብቻም ሆነ በድንግልና ስለ መኖርና ይህን በመሳሰለው የሕይወት ምርጫ ለወላጆች የመታዘዝ ግዴታ እንደሌለባቸው ያስተምራል። ይህንንም ያወቀው በገዛ ሕይወቱ ነው፤ የዶሚኒካውያንን ማኅበር በመግባቱ ቤተ ሰቦቹ አስይዘው አንድ ዓመት ያህል ዘግተውበት ነበር። ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን ቍርባን በሚል ሰበብ ወላጆቻቸውን መርዳት የተዉትን እንደ ወቀሳቸው አይዘንጉ። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ተብሎ እንኳ የአባትን እርዳታ ማስቀረት ካልተገባ፣ ጥሪዬ ነው ብሎ በሬ የሸጠን አባት መርሳት እንዴት ይገባል? ልጁ ሙያውን ለመምረጥ ነጻ ነው፤ ከዕዳው ግን ነጻ አይደለም። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ምክር፣ የእኔን የዚያን ቀን ምክር ጨምሮ፣ ቤት ያፈርሳል።

ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 14ኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2025 ቅድስናውን ያወጁለት ጴጥሮስ ጊዮርጊስ ፍራሳቲ የዝነኛ ጋዜጣ ባለቤት ልጅ ነበር። በማዕድን ቈፋሪዎች መካከል ለማገልገል ሲል በቱሪን የማዕድን ምሕንድስና አጠና፤ ፈተናውም እጅግ ይከብደው ነበር። ኋላ ግን አባቱ በጋዜጣው እንዲሠራ በፈለገ ጊዜ ስለ ቤቱ ሰላም እሺ አለ፤ በዚያው በ1925 በ24 ዓመቱ ሳይመረቅ ዐረፈ። ምርጫው ትክክል ነበር ወይስ እሺታው? ሁለቱንም ያደረገ እርሱ ነውና እኔ ለመለያየት አልችልም።

ከሳምንት በኋላ ያ አባት ብቻውን ተመልሶ መጣ። ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት እስኪጨርስ ድረስ ነገሩን ለማቆየት ተስማምተዋል፤ ልጁም ምንም ቢያጠና የታናናሾቹን የትምህርት ወጪ ለመሸከም ቃል ገብቷል። አባትየው ሊሄድ ሲነሣ ስለ ታላቅ ሴት ልጁ ጠየቅሁት። እርስዋም በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምራ በዚያው ዓመት ተፈትና ነበር። «እርስዋ እንኳ አላለፈችም፤ ቤት ናት» አለ፣ ሌላም አልጨመረ። እሑድ እሑድ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምርልን እርስዋ ናት፤ ከወንድምዋ ጋር ስንከራከር በነበረበት ሳምንት ሁሉ አንዳችንም ምን ለመሆን ታስቢያለሽ ብለን አልጠየቅናትም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልታነጋግረኝ ቀጠሮ ይዘናል።