የሐሙስ ፍጥረትና የዓርብ እንግዳ

ሰው አንድን ፍጥረት አድንቆ ለማየት መመኘቱ ወደዚያ ፍጥረት ለመቅረብ መብት ይሰጠዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ያገኘ ጥያቄ ነው። ስለ እንስሳት የሚደረገው የሥነ ምግባር ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በመግደል፣ በማሰርና በማሠቃየት ላይ ያተኩራል፤ ማየት ግን ማንንም የማይጎዳ፣ እንዲያውም የምስጋና መጀመሪያ የሆነ ንጹሕ ተግባር ተደርጎ ይቆጠራል። በሞቃታማ ደሴቶች ዙሪያ ባሕር ገብቶ ከዓሣ ነባሪዎች አጠገብ መዋኘት የጎብኚዎች ምኞትና የደሴተኞች መተዳደሪያ ከሆነ ወዲህ ግን ጉዳዩን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚያየው ሰው የሚያየውን ፍጥረት በሚወልድበትና በሚያጠባበት ስፍራ ድረስ ሄዶ ያገኘዋል።

ጥያቄውን በሃይማኖት ዓይን ለሚመረምር ሰው መነሻው የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የስድስቱን ቀናት ሥራ የሚተነትነው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ማለትም ሥነ ፍጥረት፣ ዕለታቱን ከእሑድ ጀምሮ ስለሚቆጥር በባሕር የሚኖሩት ሁሉ የሐሙስ ፍጥረት፣ ሰው ደግሞ የዓርብ ፍጥረት ይባላሉ። ሰው በባሕር ዓሦችና በሌሎች እንስሳት ላይ ገዥ መደረጉን የሚያነሱ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተነገረውን የሚያስታውሱ ግን ጥቂቶች ናቸው። ፈጣሪ ታላላቆቹን የባሕር አውሬዎችና በውኃ የሚርመሰመሱትን ሁሉ በሐሙስ ዕለት ባርኳቸዋል፤ እንዲበዙና ባሕሩን እንዲሞሉ አዝዟቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የመጀመሪያው ምርቃት ይህ ሲሆን በተሰጠ ጊዜ ሰው ገና አልነበረም። ስለዚህ ምርቃቱ ከሰው ጥቅምም ሆነ ከሰው አድናቆት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የዓርቡ ሹመትም ቢሆን የሐሙሱን በረከት እንዲያፈርስ የተሰጠ ነው ብሎ ማሰብ አንድ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ይነጥቃል እንደማለት ይሆናል።

ይህ በረከት ዛሬም በግልጽ ከሚፈጸምባቸው ስፍራዎች አንዱ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገኘው የቶንጋ መንግሥት ክፍል የሆነው የቫቫኡ ደሴቶች ባሕር ነው። ሃምፕባክ የሚባሉት፣ ክንፍ የሚመስል ረጅም መቅዘፊያ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎች በየዓመቱ ከአንታርክቲካ የምግብ ባሕር ተነሥተው ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በዚያ ይሰነብታሉ። ወደዚያ የሚመጡት ለመራባትና ለመውለድ እንጂ ለመብላት አይደለም፤ ሞቃቱ ባሕር ለእነርሱ ምግብ የለውም ማለት ይቻላል። እናቲቱ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ግልገል ወልዳ ወፍራም ወተቷን እያጠባች ለወራት ሳትበላ ትቆያለች፤ ወተቱም፣ የራሷ እስትንፋስም፣ ወደ ቀዝቃዛው ባሕር የምትመለስበት ጉልበትም የሚወጣው በሰውነቷ ካከማቸችው ስብ ብቻ ነው። ይህን ጾም ብሎ መጥራት ለአማኝ አንባቢ ቢቀልም፣ እንስሳዋን ጻድቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ያለ በቂ ምክንያት እንድትንቀሳቀስ የተደረገችበት እያንዳንዱ ጊዜ ከግልገሏ ድርሻ የሚቀነስ መሆኑን ማወቅ በቂ ነው።

ጎብኚዎች በእነዚህ ወራት በጀልባ ይወጣሉ፤ ስኖርክል የተባለውን፣ ፊትን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ለመተንፈስ የሚያስችለውን ቱቦ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ባሕሩ ይገባሉ። የአገሪቱ ደንብ በአንድ ጊዜ ከ4 የማይበልጡ ዋናተኞች ፈቃድ ካለው መሪ ጋር እንዲገቡ ይወስናል፤ ከእንስሳው መራቅ ያለባቸውን ርቀትና የሚቆዩበትን ጊዜም ይገድባል። ብዙ ጊዜ የሚፈለጉት ደግሞ እናትና ግልገል ናቸው፤ ምክንያቱም እነርሱ በአንድ ቦታ አርፈው ስለሚቆዩ ለዋናተኛው ይመቻሉ።

ለዚህ ሥራ የሚቀርበው መከላከያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በነበሩት ሁለት የአደን ወቅቶች ብቻ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በደቡቡ ውቅያኖስ ከ25000 በላይ ሃምፕባኮችን ገድለዋል፤ እውነቱንም ለዓለም ሳይገልጹ ለአሠርት ዓመታት ደብቀውታል። የዓለም ሕዝብ ለእነዚህ ፍጥረታት ልቡን የከፈተው በ1970 ሮጀር ፔይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የወንዶቹን ረጅምና ሥርዓት ያለው ዜማ በሸክላ አሳትሞ ካሰማ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽንም በ1982 ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ። ከዚያ አስቀድሞ በ1978 የቶንጋው ንጉሥ ታውፋአሃው ቱፖ አራተኛ በአገራቸው የዓሣ ነባሪ አደንን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ሥጋውን ይመገብ የነበረውም ሕዝብ ያን ትቷል። አድናቆት እንስሳውን ከጦር አድኖታል፤ ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብም ጦሩ እንዳይመለስ ይጠብቃል የሚሉ ሰዎች ታሪክ ይመሰክርላቸዋል።

ሆኖም ይህ መከላከያ እንደ ታሪክ እውነት ቢሆንም እንደ መሠረት ደካማ ነው። በሕይወት ያለ ዓሣ ነባሪ ከሞተው ይልቅ ገቢ ያስገኛልና ይኑር ማለት፣ የመኖሩን ምክንያት በዋጋው ላይ ማቆም ነው፤ ዋጋው የወረደ ቀን ምን ይሁን ለሚለው መልስ የለውም። ደግሞም የፔይን ምሳሌ በጥንቃቄ ሲታይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል፤ ያን ዜማ የሰሙት ሚሊዮኖች ባሕር አልገቡም፣ እንስሳውንም አላዩትም፤ በሩቅ ሆነው ሰሙ፣ ልባቸውም ተነካ። አድናቆት ያለ መቅረብ ሊወለድና ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዋናተኞች ብዙ ጊዜ ከፍ አድርገው የሚናገሩት እንስሳው ዓይን ለዓይን ስለተመለከታቸው ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት ሐሰት ነው ማለት አይገባም፤ አንዳንዱ ዓሣ ነባሪ በራሱ ፈቃድ ወደ ሰው ይጠጋል፣ ይዞርማል። ነገር ግን የእነዚህ ፍጥረታት ዓለም በዋነኛነት የድምፅ ዓለም ነው፤ ቀለም እንኳ እንደ ሰው ለይተው አያዩም። በምዕራብ አውስትራሊያ በኤክስማውዝ ባሕረ ሰላጤ የተካሄደና በ2017 የታተመ ጥናት እናትና ግልገል እርስ በርሳቸው በሹክሹክታ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሚገናኙ አሳይቷል፤ ይህም ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው አዳኝ እንዳይሰማቸው ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። በዚያው ባሕር ተደርጎ በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኃይለኛ የጀልባ ሞተር ድምፅ በ100 ሜትር ርቀት ሲሰማ ያረፉ እናቶች የዕረፍት ጊዜያቸው በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስና አተነፋፈሳቸው በእጥፍ እንደሚፈጥን ገልጿል። እንግዲህ ሰው ለመታየት ሲጓጓ የመጣበት ድምፅ ቀድሞት ደርሷል፤ የሁለቱ ግንኙነት የተጀመረውም ሰውየው ባላስተዋለው ሰዓት ነው።

በመጽሐፈ ኢዮብ ፍጻሜ ፈጣሪ ለተሠቃየው ሰው መልስ ሲሰጥ የሚጠቅሳቸው እንስሳት ከሞላ ጎደል ለሰው ምንም የማይረቡት ናቸው፤ የበረሃ አህያ፣ የዱር ፍየል፣ ሰጎን፣ በመጨረሻም የጥልቁ አውሬ ሌዋታን። የዱር ፍየሎች የሚወልዱበትን ጊዜ ታውቃለህን ተብሎ ይጠየቃል፤ ሌዋታንንም እንደ ወፍ ለልጃገረዶቹ መጫወቻ ሊያደርገው ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። ኢዮብ ግን ወደ አንዳቸውም አልተወሰደም፤ መኖራቸው ተነገረው እንጂ። እርሱን የለወጠው ከእርሱ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሕይወት በሙሉ ክብሩ መኖሩን ማወቁ ነው፤ መጽናናቱም ከዚሁ ይመነጫል ማለት ይቻላል። የመውለጃ ጊዜ ጉዳይ በዚያ ጥያቄ ውስጥ መነሣቱ ለቫቫኡ ባሕር ከማንኛውም ደንብ በላይ ይናገራል።

ቶንጋ ራሷ ይህን አስተሳሰብ ከውጭ መዋስ አያስፈልጋትም። በ1839 ጆርጅ ቱፖ አንደኛ ተብሎ የሚታወቀው ገዥ በቫቫኡ፣ ፖኦኖ በተባለው ስፍራ፣ አንድ እፍኝ አፈር ወደ ሰማይ አንሥቶ ምድሪቱን ለእግዚአብሔር እንደሰጠ ይተረካል፤ የ1875ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል፣ ሰንበትንም ቅዱስ ብሎ በዚያ ቀን ንግድን አግዷል። በዚህም ምክንያት የዓሣ ነባሪ ጀልባዎች እሑድ አይወጡም። ሕጉ ሲጻፍ ስለ ዓሣ ነባሪ ያሰበ ሰው እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን እናትና ግልገል ያለ ጎብኚ ጀልባ ሞተር ድምፅ ይውላሉ።

ቅዳሜንም እሑድንም ማክበር በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በጸናባት ቤተ ክርስቲያን ያደገ አንባቢ የዚህን ትርጉም በቶሎ ይረዳዋል። ሕገ ኦሪት በሰንበት በሬና አህያም እንዲያርፉ ያዝዛል፤ ስለ ዱር አራዊት ዕረፍት ግን አይናገርም፤ ምክንያቱም የዱር አራዊት ለማንም አይሠሩም። በሰባተኛው ዓመት ግን እርሻው ሳይታረስ ይተውና ድሆች ያስቀሩትን የዱር እንስሳት እንዲበሉት ያዝዛል፤ ስለዚህ ሕጉ አልረሳቸውም። ዛሬ ቀንበር ያልተጫነበት ዓሣ ነባሪ ሳይጠየቅ ለሰው ገቢ የሚያስገኝ ሠራተኛ ሆኗል። ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የበሬው ሕግ ለእርሱም ይደርሰዋል፤ ይህም የእሑዱን ዕረፍት ከአጋጣሚ ወደ ግዴታ ከፍ ያደርገዋል፣ ገና የተወለዱ ግልገሎች ያሉበትን ባሕር በየወቅቱ ወራት ጨርሶ መተውንም ይጠይቃል።

በሩቅ አገር ተቀምጦ ደሴተኞችን መገሠጽ ግን ፍትሕ አይሆንም። ሥጋውን የተዉት እነርሱ ናቸው፤ ባሕሩን በጅምላ ያራቆቱት ግን ከሩቅ የመጡ መርከቦች ነበሩ፤ የጉብኝቱ ገቢም የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ሸክሙ በተለይ የሚከብደው በጀልባው መሪ ላይ ነው፤ እናቲቱ እንደደከመች የሚያየው እርሱ ሲሆን፣ ሩቅ ተጉዞ ብዙ ከፍሎ የመጣ እንግዳ ከጎኑ ቆሞ መግቢያውን ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል ከእንግዳው መምጣት አለበት፤ ገና ወደብ ላይ ሳሉ፣ መሪው አይሆንም ካለ ባሕር ሳይገቡ ለመመለስ ፈቃደኛ መሆኑንና የከፈለውንም እንደማይጠይቅ ሊነግረው ይገባል።